«እማዬ፣ ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?»

ጥያቄውን የጠየቀችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ቦታው የባቡር ትኬት መስኮት ፊት ነው።

ትኬት ቆራጯ የእናትየውን መታወቂያ ተቀብላ «ልጆቹስ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?» አለች። እናትየው ትልቁን ጠቁማ «አሥር» አለች። ያቀፈችውን ትንሹን «አራት» አለች። መካከለኛዋ ጋ ስትደርስ ግን ልጅቷ ቀድማት ቀና አለችና «እማዬ፣ ዛሬ ስንት ዓመቴ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሰልፉ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ያልሳቀችው እናትየው ብቻ ናት።

ነገሩ ያለው «ዛሬ» የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። ለዚህች ልጅ ዕድሜ በልደት ቀን የሚጨምር ነገር አይደለም። እንደሚሳፈሩበት መኪናና እንደ ወያላው ፊት የሚለዋወጥ ነገር ነው።

ቤተሰቡ የሚኖረው ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ ነው። ከዚያ ወደ ጦር ኃይሎች በሚኒባስ መውጣት የየዕለት ኑሮ ነው። ወያላው በሩ ላይ ቆሞ ልጆቹን በዓይኑ ይመዝናል። «እሷማ ሰው ናት፣ ትከፍላለች» ይላል። እናት «ኧረ አምስት ዓመቷ ነው፣ አቅፋታለሁ» ትላለች። ልጅቷም ሥራዋን ታውቃለች፤ ጉልበቷን ሰበር፣ አንገቷን ቀበር ታደርጋለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ አምስት ዓመቷ ሆኖ ቆየ።

ይህችን እናት ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ሒሳቡን ይሥራው። ሦስት ልጅ ይዞ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሳፈር ሰው፣ የአንዷ ልጅ ሒሳብ በወር ሲደመር የዳቦ ወይም የደብተር ገንዘብ ነው። ደግሞም የታክሲው በር ላይ የተጻፈ ሕግ የለም። ሕግ በሌለበት ድርድር አለ፤ ድርድር ባለበት ደግሞ ልጅም ተደራዳሪ ትሆናለች።

ባቡሩ የመጣው በክረምቱ እረፍት ነው። አያታቸው ድሬዳዋ ናቸው። ትንሹን የልጅ ልጃቸውን ከስልክ ፎቶ ውጪ አይተውት አያውቁም። እናትየው የትልቁን ልጅ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ለሁለት ከፍላ በአንድ በኩል «አውቶቡስ»፣ በሌላ በኩል «ባቡር» ብላ ጻፈች።

አውቶቡስ ሥር ከትኬቱ ሌላ ብዙ ነገር ተደረደረ። ሾፌሩ በሚያቆምበት ምግብ ቤት የሚበላው ምሳ አለ፤ ዋጋው ከሰፈር ምግብ ቤት ጋር አይገናኝም፣ ሌላ ምርጫም የለም። ለሕፃን ሽንት ቤት «አቁምልኝ» እያሉ መለመን አለ። የአራት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ ጭን ላይ አስቀምጦ መጓዝ አለ። ይህ የመጨረሻው በብር አይጻፍም፤ ግን ከመኪና ሲወርዱ ጉልበት ራሱ ይናገራል።

ባቡር ሥር ምሳ አልተጻፈም። ድርቆሽ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶና የፈላ ውኃ ከቤት ይያዛል፤ ሾፌሩ የመረጠው ምግብ ቤት ደጃፍ ወርዶ መሰለፍ የለም። ሽንት ቤቱ ፉርጎው ውስጥ ነው። ልጅ ተነስቶ ይንቀሳቀሳል። በዚህ ዓምድ ገንዘቡን የሚበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ከቤት እስከ ጣቢያ፣ ከጣቢያ እስከ አያት ቤት።

ከልጅ ጋር በባቡር ገንዘብ መቆጠብ የሚፈልግ ሰው ትኬቱ ላይ ብቻ ማፍጠጥ የሌለበት ለዚህ ነው። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መስመር ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራውን በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። መንገደኛ የሚነሳው ግን ከከተማው መሐል አይደለም፤ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከፉሪ ለቡ ነው። ድሬዳዋም ሲደርሱ አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ሦስት ልጅና ሁለት ሻንጣ ይዞ በማለዳ ለቡ ለመድረስ ኮንትራት መያዝ ግድ ይሆናል። ያቺ አንዲት ጉዞ ከትኬቱ የተረፈውን ትጨርሰዋለች።

የድሮው እንዲህ አልነበረም። በ1886 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ፈቃድ የተጠነሰሰው ምድር ባቡር በ1895 ድሬዳዋን ወለደ፤ ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላቃተው ሜዳው ላይ ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የገባውም መሐል ከተማ ነው። ፈረንሳዮቹ «ጣቢያው» ለማለት የተጠቀሙበትን ቃል የአዲስ አበባ ሰው «ለገሃር» ብሎ የሰፈር ስም አደረገው። ድሬዳዋም ጣቢያው ከዚራ ነበር። ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ቤቱ በእግሩ ይደርስ ነበር።

የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው የቀላል ባቡር መስመር ሲከፈት፣ የኮልፌ ሰው ደጃፉ ላይ ባቡር አገኘ። ዋጋው ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ይኸው ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በልደታና በሜክሲኮ አድርጎ ለገሃር ይቆማል። የረጅሙ መንገድ ባቡር ዛሬም ከለገሃር ቢነሳ ኖሮ፣ የአየር ጤና እናት ልጆቿን ይዛ በሳንቲም ጣቢያ ትደርስ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ባቡር ተሠራ፤ ሁለቱ ግን አይገናኙም። አንዱ ለቡ ነው፣ ሌላው ለቡ አይደርስም። ልዩነቱን የሚከፍለው መንገደኛው ነው። ልጅ የያዘ መንገደኛ ደግሞ አስበልጦ ይከፍላል።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ።

ቻይና ውስጥ የልጅ ትኬት ለብዙ ዓመት የሚለካው በቁመት ነበር። ከ1 ሜትር ከ20 በታች የሆነ ልጅ በነፃ ይገባል፤ እስከ 1 ሜትር ከ50 ግማሽ ይከፍላል። ቶሎ ያደገ ልጅ ያላቸው ወላጆች ግን አማረሩ፤ የስድስት ዓመቱ ረጅም ይከፍላል፣ የዘጠኝ ዓመቱ አጭር በነፃ ያልፋል። ስለዚህ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መለኪያው ዕድሜ ሆነ፦ ከ6 ዓመት በታች የሆነ አንድ ልጅ የራሱን ወንበር ሳይዝ ከአዋቂ ጋር በነፃ፣ ከ6 እስከ 14 በግማሽ። እንግሊዝ አገር ከ5 ዓመት በታች ነፃ ነው፣ ከ5 እስከ 15 ግማሽ። ጎረቤት ኬንያ፣ በሞምባሳና ናይሮቢ ባቡር፣ ከ3 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ግማሽ ይከፍላል።

ቁጥሩ እንደየአገሩ ይለያያል። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር መስመሩ አስቀድሞ ተጽፎ መታወቁ ነው። ወላጅ ከቤቱ ሳይወጣ ስንት እንደሚከፍል ያውቃል፣ አይደራደርም፣ ልጁንም አያስደራድርም።

እኛ አገር ዕድሜን በወረቀት ማረጋገጥም ለሁሉም ቀላል አይደለም። የልደት ምዝገባ በሕግ ግዴታ ቢሆንም የልደት ሰርተፍኬት ሳይኖራቸው ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዕድሜ የሚታወቀው በእናት ቃል ነው። የእናት ቃል ደግሞ በየታክሲው በር ላይ ሲሸረፍ ኖሯል። ለዚህ መድኃኒቱ ውድ አይደለም። በየሚኒባሱ በር፣ በየአውቶቡሱና በየትኬት መስኮቱ ላይ የልጆች ሒሳብ ከስንት እስከ ስንት ዓመት እንደሆነ በትልቁ ይለጠፍ። አንድ ወረቀት ነው። ከወያላው ጋር የሚደረገውን ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ከሁሉም በላይ ልጅን ከውሸት ያድናል። በሁለት ዓመት ውስጥ የተቆጠበው ብር ዳቦ ሆኖ ተበልቷል። ልጅቷ ጋ የቀረው ጉልበት መስበሩ ነው።

እናትየው መስኮቱ ፊት ጥቂት ዝም አለች። ሰልፉ እየሳቀ ይጠብቃል። ከዚያ ዝቅ ብላ «ሰባት ነው የኔ እናት። ሰባት ዓመትሽ ነው» አለቻት። ለሰባት ዓመት ልጅ የተጠየቀችውን ከፈለች። ቦርሳዋን ስትዘጋ፣ ለመንገድ የመደበችው ገንዘብ መሳሳቱን አየች።

ከኋላዋ ከሳቁት አንዷ፣ እሷም ሁለት ልጆች የያዘች የቤቴል ሴት፣ «እህቴ፣ አይክፋሽ፤ የኔም እንዲሁ ናቸው» አለቻት። ወሬ ተጀመረ። የሁለቱም ጉዞ በአንድ ቀን ነው። ቤቴል ያለችው ሴት ለቡ ለመሄድ በአየር ጤና ማለፏ አይቀርም። አንድ ራይድ ለሁለት ሊይዙ፣ ልጆቹን አጠጋግተው ሊቀመጡ ተስማሙ። የሳሳው ገንዘብ ከዚያ ተመለሰ። ሰልፍ ላይ የተገኘ ጎረቤት ከየትኛውም ቅናሽ ይበልጣል።

በጉዞው ቀን ፍርፍሩ ከአዳማ ሳያልፍ አለቀ። ልጆቹ መተሐራ ላይ የፈንታሌን ተራራ አዩ። ከአዋሽ ወዲያ ግመል መቁጠር ጀመሩ፤ ቁጥሩ ላይ ተጣሉ። ትንሹ የራሱ ቦታ ላይ ተጋድሞ ተኛ። የእናትየው ጉልበት ቀኑን ሙሉ ነፃ ነበር። ይህም ቁጠባ ነው።

ድሬዳዋ ወርደው ባጃጅ ጋ ሲጠጉ ሾፌሩ ሻንጣውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። መካከለኛዋ ልጅ ከእናቷ ፊት ቀድማ ቀጥ ብላ ቆመችና «እኔ ሰባት ዓመቴ ነው!» አለችው።

ሾፌሩ ግራ ገብቶት አያት፣ ከዚያ እናትየውን አየ።

«ታዲያ ማን ጠየቀሽ?» አላት።