ሰዓቱ ተቆጠረ፤ ትምህርቱስ?

ዛሬ ጠዋት ሪያድ ውስጥ አንዲት ሐበሻ ነርስ ከአዳር ዱቲ ወጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ስልኳን ከፈተችና ስለ ስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል የሚሰጥ የኦንላይን ትምህርት ገባች። ምዝገባዋን የምታድስበት ጊዜ ደርሷል፤ የትምህርት ሰዓት ጎድሏታል። አስተማሪው ገና ስላይዱን ሳይገልጥ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ትምህርቱ አልቋል፣ ሰርተፊኬቱ ኢሜይሏ ውስጥ ገብቷል። መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥሎ አፈረች። ማፈር ያለባት ግን እሷ አይደለችም።

ሪያድ ላለ የጤና ባለሙያ ስለ ሀይአ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሀይአ የሚባለው የሳዑዲ የጤና ሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1992 በንጉሣዊ ድንጋጌ ተቋቋመ፤ ከስፔሻሊስት ሐኪም እስከ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ደረጃ የሚሰጠውና የሚመዘግበው እሱ ነው። ዲግሪው ከጎንደርም ይሁን ከጅማ ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት ይጣራል፣ የፕሮሜትሪክ ፈተና ይወሰዳል፣ ከዚያ በኋላ ሙማሪስ ፕላስ በሚባለው የኮሚሽኑ ሲስተም ላይ የትምህርት ሰዓት መሰብሰብ ነው። ምዝገባ ካልታደሰ ሥራ የለም። ሥራ ከሌለ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለም። ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉም ያውቀዋል።

ግዴታው ራሱ ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች 62 ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ውስጥ የሐኪሙ የአገልግሎት ዘመን በረዘመ ቁጥር የሕክምናው ጥራት ሲቀንስ አገኙ። ልምድ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። መድኃኒት ይለወጣል፣ መመሪያ ይለወጣል፣ ትናንት ትክክል የነበረው ዛሬ ሰው ይጎዳል።

ችግሩ የሚቆጠረው ነገር ላይ ነው። የካናዳው ዴቭ ዴቪስ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ቁጭ ብሎ ንግግር ማዳመጥ ብቻውን ሐኪሙ በሽተኛውን የሚያክምበትን መንገድ እምብዛም እንደማይለውጥ አሳየ። የሚለውጠው ባለሙያው ራሱ የሚሳተፍበት፣ የሚጠየቅበትና የሚሞክርበት ትምህርት ነው። ይህ ከታወቀ ከ25 ዓመት በላይ ሆኖታል። ያም ሆኖ የደከመች ነርስ ስልክ ፊት መቀመጧ እንደ ትምህርት ይቆጠራል።

ሪያድ ግን እውነተኛውን ትምህርት በደንብ ታውቀዋለች፤ ዋጋውንም ከፍላበታለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት የንጉሥ አብዱላዚዝ የሕክምና ከተማ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ መርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ ሲዛመት 130 ሰዎች ተይዘዋል፣ ከነሱ 43ቱ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ድንገተኛ ክፍሉ እስከመዘጋት ደረሰ። ዛሬ ሳዑዲ ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ የኢንፌክሽን ቁጥጥር ክህሎት ፈቃድ ሲያወጣ በወሬ አያልፍም፦ እጁን ታጥቦ ያሳያል፣ ጋውኑን ለብሶና አውልቆ ያሳያል፣ ኤን-95 ጭምብሉ ፊቱ ላይ በትክክል መግጠሙ ይፈተሻል። ያንን ፈተና ተኝቶ ያለፈ ሰው የለም።

ሀገር ቤትም ቢሆን ጥሩው ነገር ጠፍቶ አያውቅም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሞርኒንግ፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ ላይ የቆመ ሬዚደንት ሌሊት ስለገባው በሽተኛ በሲኒየሮቹ ፊት ሲፋጠጥ ላቡ ጠብ ይላል፤ ግን ያን ቀን የተማረውን እስኪሞት አይረሳውም። ሰርተፊኬት የለውም፣ አበልም የለውም። አዳማ ሆቴል ውስጥ የሚሰጠው ሥልጠና ግን አበል አለው፤ እናም የሚሄደው ትምህርቱ የሚያስፈልገው ሰው ሳይሆን ወረፋ የደረሰው ይሆናል። አሁን የሙያ ፈቃድ እድሳት ኢትዮጵያም ውስጥ ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት (ሲፒዲ) ጋር ስለታሰረ፣ ይህ ልማድ አብሮ እንዳይሻገር መፍራት ተገቢ ነው።

የሚቆጠረው ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ ምንም ነገር የማይቆጠርላቸውን አለማንሳት አይቻልም። ሪያድ ውስጥ ዲፕሎማዋን ሻንጣ ሥር አስቀምጣ በሰው ቤት የምትሠራ ነርስ አለች። ሀገር ቤት ተመርቃ ሥራ አጥታ ነው የመጣችው። የቤቱ አሮጊት ስኳር አለባቸው። ጠዋት ስኳራቸውን የምትለካው እሷ ናት፣ ኢንሱሊን የምትወጋው እሷ ናት፣ ሌሊት ላብ አጥምቋቸው ሲንቀጠቀጡ ስኳራቸው መውረዱን ለይታ ጭማቂ የምታጠጣቸው እሷ ናት። ራሳቸውን ስተው ቢሆን ኖሮ አፋቸው ውስጥ ምንም እንደማይጨመር ታውቃለች። በወረቀት ግን የቤት ሠራተኛ ናት። ከሙያ የራቀችበት ዓመት በተደራረበ ቁጥር የመመለሻው በር ይጠብባታል፤ የሙያ ክፍተት በብዙ ሀገር ምዝገባ ላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። ያቺ ሴት በየሌሊቱ የምትማረውን የሚመዘግብ ሲስተም የለም፤ ተኝታ ያለፈችው ደግሞ ሰርተፊኬት አላት። ይህ ያንገበግባል።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት የሪያድ ሰፈር በማንፉሃ እንዲህ ያሉ ስንት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ወረቀት በሌላቸው ላይ የተደረገውን አፈሳ ያየ ሰው የዚያ ሰፈር ሰው ስለ ወረቀት ሲነሳ ለምን ዝም እንደሚል ይገባዋል።

ሀይአን መለወጥ የሐበሻው ሥራ አይደለም። ሆስፒታሎቹ ግን ትምህርቱን ከዱቲ በኋላ ሳይሆን በዱቲ ሰዓት፣ ዎርድ ውስጥ፣ በመለማመጃው ማኔኪን ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። ለምሳሌ የልብና የትንፋሽ ማስመለሻ ሥልጠና ካርድ ለ2 ዓመት ያገለግላል፤ ደረት የመጫን ክህሎቱ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ይዳከማል። በየወሩ አሥር ደቂቃ መለማመድ በ2 ዓመት አንዴ ቀኑን ሙሉ ከመቀመጥ ይሻላል።

ሪያድ ውስጥ ያሉት ሐበሻ ሐኪሞችና ነርሶች ደግሞ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ የሚጀምሩት ነገር አለ። ሻንጣዋ ውስጥ ዲፕሎማ ላለባት እህት ኢንሱሊንን፣ የደም ግፊትን፣ አዲሱን መመሪያ በአማርኛ ማስተማር። ዓርብ እረፍት ላላት በአካል፣ ለሌላት በስልክ፣ እሷ በሚመቻት ሰዓት።