የአራቱ እኅትማማች ቤት

ሰው ብቻውን ሊኖር ያልተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ከወላጆቹ ቤት በወጣ ጊዜ ሌላ ቤተ ሰብ ለራሱ ያበጃል። ከዚህም ዐይነት ቤተ ሰብ አንዱ የተማሪዎች ማኅበር ነው። በአሜሪካ አገር ሴቶች ተማሪዎች እርስ በርሳቸው እኅት እየተባባሉ በአንድ ቤት የሚኖሩበት ማኅበር አላቸው፤ የዚህ ዐይነት ማኅበር ጥንቱ በጆርጂያ፣ በሜከን ከተማ፣ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1851 የተመሠረተው ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣበት በ2020 የትምህርት ዘመን ሲከፈት፣ በሽታው ከነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን ስለ ገባባቸው ልጆቹ ከደጅ ሳይወጡ ሰንብተዋል፤ አዳዲስ አባሎችም የተመረጡት በኮምፒዩተር መስኮት እየተያዩ ነበር።

በእኛ አገር ግን እንዲህ ላለው ቤት ስም አልወጣለትም፤ በደጁም ላይ የተጻፈ ምልክት የለውም። ከገጠር ወደ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጡ ልጆች ገንዘብ አዋጥተው የሚከራዩት አንድ ክፍል ነው። እኛ ባልና ሚስቱ በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከጓሯችን፣ እንዲህ ያለ ክፍል አለን። በወረርሽኙ ዘመን በዚህ ክፍል የሆነውን ለአንባቢዎቻችን መንገር ግዴታችን መስሎ ታይቶናል፤ የምንነግረውም ለመመስገን አይደለም።

አራቱ ልጆች የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። እኛን «ጋሼ» እና «እትዬ» ይሉን ነበር። ክፍሉ በጭቃ የተመረገ፣ አንድ መስኮትና አንድ አምፖል ያለው ነው። ከየመንደራቸው በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ተሸክመው ይመጣሉ፤ ኩበቱም ከዚያው ነው። ስንቁ ባንድነት ይቀመጣል እንጂ የእገሊት ነው አይባልም። የታናሺቱ አባት መሬታቸው ጠባብ ስለ ነበረ የእርስዋ ጆንያ ዘወትር ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ገበታ በቀረበ ጊዜ ይህ ልዩነት ሲታይ አላየንም። ከበሩ ጀርባ በግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ የተራ ዝርዝር ነበራቸው፤ አንዲቱ ውሃ ትቀዳለች፣ አንዲቱ ወጥ ትሠራለች፣ አንዲቱ ቤት ትጠርጋለች፣ አራተኛዪቱም ማታ ሦስቱን ታስጠናለች። በሂሳብ ቀን ግን ተራው ይፈርስና አስጠኚዋ ታናሺቱ ትሆናለች። የደብረ ብርሃን ብርድ በበረታ ጊዜ ብርድ ልብሳቸውን ደራርበው ተጠጋግተው ሲያነቡ ድምፃቸው እስከ እኛ መኝታ ቤት ይሰማ ነበር። እኛም ሁለታችን 12ኛ ክፍልን የጨረስነው በእንዲህ ያለ የኪራይ ክፍል ኖረን ነውና፣ ያን ድምፅ ስንሰማ ደስ ይለን ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ መገኘቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላም ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ከእኛ ጋራ አስም የሚያስጨንቃቸው አሮጊት እናት ነበሩ። ፍርሃታችን እውነተኛ ነበር፤ ይህን አንክድም። በማግሥቱ ልጆቹን ጠርተን ወደየአገራቸው እንዲሄዱ ነገርናቸው። ሦስቱ ዕቃቸውን ለመሸከፍ ሲሄዱ ታናሺቱ ወደ ኋላ ቀረች።

«እትዬ፣ እኔ ብቻዬን ልቅር። ከበሩ አልወጣም፤ ውሃውንም ሰው ሲተኛ እቀዳለሁ» አለች።

አይሆንም ባልናት ጊዜ ዐይኗን ወደ መሬት ጥላ «አገር ቤት ከገባሁ አልመለስም» አለችን።

ይህን ቃል ሁለታችንም ሰማን። ለምን ብለን ግን አልጠየቅናትም። እውነቱን ለመናገር፣ ነገሩ ሳይገባን ቀርቶ አይደለም፤ እንዲገባን አለመፈለጋችን ነው። አስቀድመው የከፈሉትንም የወር ኪራይ መመለስ ትዝ አላለንም።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ሰው በብዛት መሰብሰብም ተከለከለ። ይህም ትእዛዝ ለጤና አስፈላጊ ነበር። ነገር ግን በዚያው ወራት በገጠር ለሚሆነው ነገር ሳይታሰብ መሸሸጊያ ሆነ። በደኅናው ጊዜ ለሠርግ ጠላ ሲጠመቅና ዳስ ሲጣል ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ መምህራንም ሰምተው ይደርሳሉ። ድግስ የሌለው ሠርግ ግን ድምፅ የለውም፤ መምህራኑም ከተማሪዎቻቸው ተለያይተዋል።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱ፣ ፈተና ሳይፈተኑ ወደ 11ኛ ክፍል የተዛወሩት ልጆች ጭምብል አድርገው መጡ። ቈጠርናቸው፤ ሦስት ናቸው። ያች ልጅ 16 ዓመት ሳይሞላት በግንቦት ወር ተድራለች። ሴት ልጅ ከ18 ዓመት በታች እንዳታገባ የሚከለክለው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ከመሥሪያ ቤታችን መደርደሪያ ላይ ተጠርዞ ተቀምጦ ነበር። እኛም አቧራውን እየጠረግን እንመልሰው ነበር።

በዚያ ዓመት የክፍሉ ኑሮ ተለወጠ። በበሩ አጠገብ ቧንቧ የተበጀለት ጀሪካንና ሳሙና ተቀመጠ፤ ኩባያ በየራስ ሆነ፤ ትምህርቱም በፈረቃ ስለ ነበረ ስታስጠና የነበረችው ከሚጠኑት ጋራ የማትገናኝበት ቀን መጣ። በግድግዳው ላይ ያለውን የተራ ዝርዝር ግን ሦስት አላደረጉትም። የታናሺቱ ተራ በደረሰ ጊዜ ሥራውን ሦስቱ ተካፍለው ይሠሩላት ነበር።

እኛም ኅሊናችን ስላላስተኛን ወደ አባቷ መንደር ሄድን፤ ያንንም የኪራይ ገንዘብ ይዘን ነበር። ልንወቅሳቸው ያዘጋጀነው ቃል ብዙ ነበር። አባትየው አክብረው ተቀበሉን፤ ከተናገርን በኋላም ጥቂት ዝም ብለው፣

«እናንተ የተማራችሁት ከቤታችሁ ካወጣችኋት፣ እኔ ደኻው የት ላስቀምጣት?» አሉን።

ይህ ነገር እርሳቸውን ከጥፋት አያድናቸውም። እኛ ግን የምንመልሰው አልነበረንም።

ሦስቱ ልጆች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመፈተን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሄዱ፣ የሁለት ዓመት ደብተራቸውን በአንድ ጆንያ አስረው «ስትመጣ ስጡልን» ብለው ተዉልን። ትመጣለች ብለን አላሰብንም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ልጅ አዝላ ከደጃችን ቆመች። ወደ ክፍሉ ገብታ ከበሩ ጀርባ የተጻፈውን ስሟን ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆየች። ከዚያም ጆንያውን ፈታ መጀመሪያ ያወጣችው የሂሳቡን ደብተር ነበር፤ ቁማ አንድ ገጽ ካነበበች በኋላ «ይኸን ተሳስተዋል» ብላ ፈገግ አለች። ክፍሉ ያላንዳች ኪራይ እንደሚጠብቃት ነገርናት። እርስዋም «አይቼ እመጣለሁ፣ እትዬ» ብላ ደብተሮቹን ተሸክማ ሄደች። እስካሁን አልመጣችም፤ ክፍሉንም ለሌላ አላከራየነውም።

አንባቢ ሆይ! ደዌም ሆነ ሌላ መከራ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፣ በር መዝጋት የሚያስፈልግበት ቀን ይኖራል። በመሥሪያ ቤትም፣ በትምህርት ቤትም፣ በየቤታችንም በሩን ከመዝጋታችን በፊት ግን ከውጭ የምትቀረውን ልጅ «ወዴት ትሄጃለሽ?» ብለን እንጠይቃት፤ መልሷንም እስኪያልቅ ቆመን እንስማ። እኛ ያላደረግነው ይህን ብቻ ነበር።