ስለ ታላቁ ልጅ የጠየቀን

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንዲት መጽሐፍ ቤት ነው። ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነበረች። መጽሐፍ ቅዱስ፣ መንፈሳዊ መጻሕፍት፣ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጣለች፤ መግዛት ያልቻለ በጥቂት ብር ተከራይቶ ያነባል። በሯ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። እኛ አራት የጤና ተማሪዎች ቅዳሜ ከሰዓትን የምናሳልፈው እዚያ ነበር። ባለቤቱ፣ "ጋሼ" የምንላቸው አባት፣ ማን ገዛ ማን አልገዛ አይሉም ነበር። (በዚያ ንግድ ቤተሰብ እንዴት እንዳስተዳደሩ እስከ ዛሬ ይገርመናል።)

ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋሕደው የተመሠረተ ነው። ከጤና ሳይንሱ ዘመን የመጣ አንድ ልማድ አለው፤ ተማሪውን ከክፍል አውጥቶ ወደ ኅብረተሰቡ ይልካል። እኛም በቡድን ሆነን ቤት ለቤት ዞረናል። ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ? መጸዳጃ ቤት አላችሁ? ልጆቹ ተከትበዋል? ቡናው እየተፈላ እንጠይቃለን፣ የነገሩንን እንጽፋለን። ምክር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ደንብ በሰው ደጃፍ በሚገባ ጠብቀነዋል። በመጽሐፍ ቤቷ ደጃፍ ግን አልጠበቅነውም።

አንድ የግብርና ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ጀመር። ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከአጋሮ ነው፤ አባቱ የቡና ገበሬ ናቸው። የእኛን እምነት አይከተልም። ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ኪዳን አንሥቶ የሉቃስን ወንጌል ያነባል፤ ሲነሣ የደረሰበት ገጽ ላይ የመኪና ትኬት አስገብቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ለሳምንታት እንዲህ አደረገ። እኛ እርስ በርሳችን እየተያየን "ጌታ እየሠራ ነው" እንባባል ነበር።

አንድ ቀን ቀና ብሎ፣ "ታላቁ ልጅ በመጨረሻ ወደ ቤት ገባ ወይስ ውጭ ቀረ?" አለን። ሉቃስ 15 ላይ ደርሶ ነበር።

ምን ያለ ጥያቄ ነው! አባትየው ወደ ደጅ ወጥቶ ይለምነዋል፤ ልጁ በመጨረሻ ይግባ ይቅር ግን ጌታ አልነገረንም። እኛ ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልነበረንም። "ለመሆኑ አንተስ? ውስጥ ነህ ውጭ?" አልነው። ጥቅስ በጥቅስ ላይ ደረደርን። አንደኛችን እጁን ይዞ "ዛሬ ወስን፣ እንጸልይልህ" አለው። ልጁ በጨዋነት እስከ መጨረሻው ሰማን። አመሰገነ፣ መጽሐፉን መለሰ፣ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ጋሼ ወር ያህል ዝም ብለውን ነበር። አንድ ቀን አቧራ እየጠረጉ፣ "ልጆቼ፣ እሱ እኮ የጠየቃችሁ ስለ ታላቁ ልጅ ነበር" አሉን።

የሐዋርያት ሥራ 8ን ስንት ጊዜ አስተምረንበታል! ፊልጶስ ሮጦ ደረሰ፤ ግን መጀመሪያ ሰውየው ሲያነብ ሰማ፣ ጠየቀው፣ ተለምኖ ወደ ሠረገላው ወጣ፣ አጠገቡ ተቀመጠ። የጀመረውም ኢትዮጵያዊው ከሚያነበው ከዚያው ቃል ነው (ቁ. 35)። ጳውሎስም በጢራኖስ ትምህርት ቤት ዕለት ዕለት ሁለት ዓመት ተነጋገረ (ሐዋ. 19፥9–10)። እኛ ለዚያ ልጅ የሰጠነው አንድ ከሰዓት ነው። ምስክርነት ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ስለ ኢየሱስ ልንነግረው ይገባን ነበር። ግን ፍርሃት ነበረብን። ሳይወስን ቢሄድ እኛ የተሸነፍን መሰለን፤ ለእርሱ ነፍስ የተጨነቅን መስሎን ለራሳችን ነበር የተጨነቅነው።

በግቢ ውስጥ ሁለት ሦስቴ አየነው። ከሩቅ እጁን አንሥቶ ሰላም ይለናል፤ ጠጋ ብለን ይቅርታ ለመጠየቅ አፈርን። ከዚያ ተመረቅን።

ዛሬ ሱቋ ሞባይል ይጠገንባታል። ጋሼ ሲዘጉ ያንን አዲስ ኪዳን ለእኛ ሰጡን፤ ትኬቱ እዚያው ነው። ከእኛ ሁለታችን አሁን የምንሠራው አጋሮ ነው። በኅዳር ቡና ሲለቀም ከተማው በሰው ይሞላል፤ በገበያው ስናልፍ ፊት ለፊት እናያለን። ስሙን እዚህ አንጽፍም። ጸልዩልን፤ ካገኘነው ቡና ጋብዘን ያንን ጥያቄ እንደገና እንዲጠይቀን እንለምነዋለን።