ሁለት ጊዜ ከተሸነፍን ስልኩ ይዘጋል

የዛሬው ጽሑፋችን ግለ ሂስ ነው። እኛ በአንድ ክፍል የምናድር አራት ዕጩ መምህራን ነን። ጥፋታችንን ራሳችን ካልተናገርን ሌላው አሳምሮ ይናገርልናልና ቀደም ብለናል።

ነገሩ የካርታ ጨዋታ ነው። ቁማር ግን አይደለም። ሃርዝስቶን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ በኢንተርኔት ከማያውቁት ሰው ጋር የሚገጥሙበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ 30 ካርታ መርጦ ይገባል። መሰላሉ ከነሐስ ተነስቶ በብር፣ በወርቅና በፕላቲነም አልፎ አልማዝ ይደርሳል። እያንዳንዱ 10 እርከን፣ እያንዳንዱም እርከን 3 ኮከብ አለው። ከሁሉም በላይ ሌጀንድ የሚባለው አለ። ወሩ ሲያልቅ መውጣቱ እንደገና ከታች ይጀመራል።

እኛም በአንድ ስልክ ተራ ይዘን እንጫወት ነበር። እስከ አልማዝ 5 ብዙም አልተቸገርን፤ በተከታታይ ላሸነፈ ተጨማሪ ኮከብ ይሰጣልና። ከዚያ ወዲያ ግን ጉርሻው ይቀራል። ሲያሸንፉ አንድ ኮከብ ይጨመራል፣ ሲሸነፉ አንድ ይቀነሳል። ከ100 ጨዋታ 55ቱን ያሸነፈ ጎበዝ ነው፤ በእጁ የሚቀረው ግን 10 ኮከብ ብቻ ነው። ይህን ቀላል ሂሳብ ያሰብነው ዘግይተን ነው።

አንድ ማታ አልማዝ 2 ላይ ተሸነፍን። «ካርታው ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አልን። ደገምን፤ ተሸነፍን። ከዚያማ ማን ይመለስ! «አምጣው፣ እኔ ላስመልሰው» እየተባባልን ስልኩን ተነጣጠቅን። ሳናስብ መጣል፣ በየጨዋታው ካርታ መቀያየር ሆነ ሥራችን። እኩለ ሌሊት ሲሆን ተመልሰን አልማዝ 5 ላይ ቁጭ አልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው።

በማግስቱ ከመካከላችን አንዱ የማስተማር ልምምድ ተራው ነበር። የትምህርት ዕቅዱ በግማሽ ቀርቷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። 5ኛ ክፍል ፊት ቆሞ 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ነው 2/5 ብሎ ጻፈ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ጋሼ፣ ከግማሽማ አነሰ እኮ!» አለችው። ከኋላ የተቀመጥነው ሦስታችን መሬት ተከፍታ ብትውጠን ወደድን። ያቺ ልጅ ዝም ብትልስ ኖሮ? ክፍሉ በሙሉ ስሕተቱን በደብተሩ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር።

ማታውኑ ደንብ አወጣን። አንደኛ፣ በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከተሸነፍን ስልኩ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ 20 ጨዋታ ሳንሞክር ካርታ አንቀይርም። ሦስተኛ፣ ከየጨዋታው በኋላ «አሸነፍን ወይ?» ሳይሆን «የቱ ላይ ተሳሳትን?» እንላለን፤ ደህና ተጫውቶ መሸነፍም፣ ተሳስቶ ማሸነፍም አለና። አራተኛ፣ የትምህርት ዕቅድ ሳያልቅ ስልክ አይነካም።

ባለፈው ወር የመጨረሻ ማታ አልማዝ 1 ላይ ደረስን። ሁለት ጊዜ ተሸነፍን። ገና ሦስት ሰዓት ነበር። «ኧረ አንድ ብቻ!» ያለም ነበር። ስልኩ ተዘጋ። ሌጀንድ ሳንገባ ወሩ አለቀ፤ ቆጭቶናል፣ አንዋሽም።

ያ ጓደኛችንም ክፍሉ ተመልሶ ስሕተቱን ራሱ ሰሌዳ ላይ ጻፈና 5/6 ብሎ አረመ፤ ልጅቷንም በተማሪዎቹ ፊት አመሰገነ። ከወጣነው መሰላል ሁሉ የሚበልጥብን እሱ ነው። ራሱን ያልገዛ ክፍል አይገዛምና።