ደብረ ብርሃን ከጠላ ጋን አጠገብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሰንዳፋን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ሲደርስ በመጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የገብስ አገር ነው፤ የገብስ አገር ደግሞ ጠላ አያጣም። ዛሬ የቢራ ፋብሪካ ቢኖራትም፣ ጣሳ በዘንግ ጫፍ ደፍተው ደንበኛ የሚጠሩ ጠላ ቤቶች ከየመንደሩ አልጠፉም።

እናቶቻችን ሲጠምቁ እያየን አድገን፣ ለበዓል ግን ከጎረቤት የምንገዛ ሠራተኛ እናቶች ብዙዎች ነን። መጀመር ለምትሻ እህት አጠማመዱን ለመጠየቅ ጠላ ሸጠው ልጆች ካሳደጉ አንዲት እናት ጓዳ ገባሁ። «ከብቅሉ ጀምሪ ልጄ፤ ብቅሉ ከተበላሸ ጌሾ አያድነውም» አሉኝ።

ገብሱ ታጥቦ አንድ ሌሊት ይዘፈዘፋል። ከዚያም በቅጠል ተሸፋፍኖ ሦስት ቀን ያህል ሰንብቶ ሲያቆጠቁጥ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ይፈጫል። እህሉ ሲበቅል የሚያፈራው ንጥረ ነገር ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾውም ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል። የሻገተ ብቅል ግን ያለ ርኅራኄ ይጣል። አንዳንድ ሻጋታ የሚተወው መርዝ በእሳትም በመፍላትም አይጠፋምና።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የፕላስቲክ በርሜል ለማጠብ ይቀላል፤ የወይራውን ጭስ ግን እንደ ሸክላ አይዝም። ለጀማሪ ትንሽ እንስራ ይበቃል።

የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከብቅልና ከውሃ ጋር ሲደባለቅ ጥንስስ ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባበታል። ቀጥሎ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ በውሃ ተለውሶ ምጣድ ላይ ይታመስና እንኩሮ ሆኖ ይጨመርበታል፤ ይህ ድፍድፉ ነው። ድፍድፉ ሲብላላ ውሃ ይሞላና አፉ ይከደናል። በቆላ ቶሎ የሚደርሰው እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርድ አገር ቀናት ይጨምራል፤ ስለዚህ የሴትዮዋ ጋን ከምድጃው አይርቅም።

ትርፋቸውን ስጠይቅ የገብሱን፣ የጌሾውንና የማገዶውን ዋጋ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። የእጃቸውን ዋጋ አልጠሩም። እንኩሮ ሲያምሱ ጭሱ ዓይናቸውን ያስለቅሳቸዋል፤ ቤት ውስጥ ለምትጠምቅ እናት መስኮት መክፈት ከጌሾው እኩል አስፈላጊ ይመስለኛል።

ጠላ የቤት መጠጥ ስለሆነ እንደ ውሃ የሚያዩት አሉ። አልኮል አለበት፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጉዳት የለውም ተብሎ የሚታወቅ የአልኮል ልክ የለም። ፊተኛው ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣው ቅራሪም ቢቀልል እንጂ ከአልኮል ነፃ አይደለም፤ «ለልጅ ነው» የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይሳሳታል። እኚህ እናት ቅራሪውን በርካሽ ይሸጡታል፤ የቀረውን አተላ ለላማቸው ያቀርባሉ። የልጅ ልጃቸው ጠምቶት ሲገባ ግን ከእንስራው ውሃ ነው የቀዱለት።