ከውስጥ የተዘጋ በር

ወንዶ ገነት የደን ትምህርት በምከታተልበት ዘመን፣ ከፍል ውኃው በላይ ባለው ተዳፋት አንድ ያረጀ ቀረሮ ነበር። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ አያቅፈውም። ከፍ ብሎ፣ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የወደቀበት ቦታ በስብሶ ቀዳዳ ሆኗል። ጥንድ ወፎች ያን ቀዳዳ ደጋግመው ሲጎበኙ አይቼ ነው መከታተል የጀመርኩት።

የእርኩም ዘመዶች ናቸው፤ ግን እንደ እርኩም መሬት ለመሬት አይዞሩም፣ ኑሯቸው ከዛፍ ዛፍ ነው። መልካቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ከታች ነጭ ነው። ወንዱ ምንቃሩ ላይ ነጣ ያለ ትልቅ ቀንድ ተጭኖበታል፤ የሴቷ ቀንድ ትንሽ ነው። ሲበሩ የክንፋቸው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

አንድ ጠዋት ወንዱ መሬት ወርዶ አየሁት። ከመንገዱ ዳር እርጥብ አፈር እየቆነጠረ ይውጣል። ሲበቃው ወደ ቀረሮው ወጣና የዋጠውን አፈር በምራቁ አላቁጦ፣ እንደ እንክብል ድብልብል አድርጎ፣ አንድ በአንድ ከጉሮሮው እያወጣ ወደ ቀዳዳው ማቀበል ጀመረ። ከውስጥ ሌላ ምንቃር ብቅ ብሎ ይቀበለዋል። ባይኖኩላሬን አነሣሁ። ሴቷ ናት። የተቀበለችውን ጭቃ በምንቃሯ ጎን እየመታች የቀዳዳው ዳር ላይ ትለስናለች። በገዛ ራሷ ላይ ግድግዳ እየሠራች ነበር! ሥራው ሲያልቅ የቀረው የምንቃር ጫፍ ብቻ የሚያሳልፍ ስንጥቅ ነው።

የደኑ ጥበቃ የነበሩት ሽማግሌ፣ "ቀናተኛ ነው ልጄ፤ ሚስቱን ቆልፎባት ነው የሚሄደው" አሉኝ።

"አባባ፣ ለሳኟ እኮ እሷ ናት" ብዬ ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። "ጭቃውን የሚያመጣው ግን እሱ ነው" አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ ነገሩን የሁለቱ ሥራ አድርጌ ነው የማየው፤ ከእባብና ከጦጣ ለመዳን የተስማሙበት ሥራ።

ከዚያ በኋላ እሷን የሚመግባት እሱ ብቻ ነው። ሾላውንም ሌላውንም ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ ይመጣና፣ አንድ አንዱን እያወጣ በስንጥቁ ያጎርሳታል። ይህንኑ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ታንዛኒያ ውስጥ አማኒ ላይ ሬጂናልድ ሞሮና ባለቤቱ ዊኒፍሬድ አጥንተውታል። አንድ ወንድ በ120 ቀን ገደማ ውስጥ ወደ 1,600 ጊዜ ተመላልሶ 24,000 ያህል ፍሬ እንደሚያመጣ ተሰልቷል። ቁጥሩን ያነበብኩት ኋላ ነው፤ ያን ምልልስ በዓይኔ ስላየሁ አልበዛብኝም።

አንድ ቀን ዶፍ ዝናብ ጥሎ ወንዱ ዘገየ። ምንቃሯ በስንጥቁ ብቅ ጥልቅ ይላል። እሱ አንድ ነገር ቢሆን እሷም እንቁላሉም ምን ይውጣቸዋል ብዬ ተጨነቅሁ። ሲመጣ ደግሞ ከፍሬው በፊት ያቀበላት የዛፍ ቅርፊት ቁራጭ ነበር። ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባችው።

ከዛፉ ሥር የምትጥለው ፍሬ በቅሎ መሬቱ በችግኝ ተሸፍኖ ነበር። እነዚህ ወፎች ደን ይዘራሉ፤ ቀዳዳ ግን ራሳቸው መፈልፈል አይችሉም። ያረጀና የተቦረቦረ ትልቅ ዛፍ ከሌለ ጎጆ የላቸውም። ቀረሮ ደግሞ ለጣውላ የሚፈለግ ዛፍ ነው። እንዲህ ያለውን ሽማግሌ ዛፍ "ጊዜው አልፏል" ብሎ ለመጋዝ የሚመርጥ ሰው ሲያጋጥመኝ እስከ ዛሬ ንዴቴን መደበቅ አልችልም።

ሴቷ የወጣችው ጫጩቷ ለመብረር ሲደርስ ነው። ግድግዳውን ከውስጥ በምንቃሯ ፈነቃቀለችው፤ የደረቀው ጭቃ እየተፈረከሰ እግራችን ሥር ወደቀ። ሽማግሌው አንዷን ፍርካሽ አንሥተው በጣታቸው ሊሰብሯት ሞከሩ፤ አልተሰበረችም። ከዚያ በኋላ ማገዶ ለቃሚ በዚያ በኩል ሲመጣ፣ ቀረሮው ጋ ሳይደርስ ወደ ሌላ ዱካ ይመልሱት ጀመር።