አስፓራገስ ከዘር፦ በደጋው ጓሮና በቡሉክ የኪራይ ግቢ

አስፓራገስ አንድ ጊዜ ከተተከለ በሚስማማው አየር 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ምርት የሚሰጥ ቋሚ አትክልት ሲሆን፣ የሚበላው ክፍሉ ከመሬት ውስጥ ካለው የሥሩ ራስ በቀጥታ የሚበቅለው፣ ቅርንጫፍ ገና ያልዘረጋው ለጋ ግንድ ነው። የሥሩ ራስ የሚባለው ወፋፍራም ሥሮች የሚገናኙበትና የሚቀጥለው ወቅት እንቡጦች የሚከማቹበት ክፍል ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ተክል የቅርብ ዘመድ የሆነው «የሴት ቀስት» በቁጥቋጦና በአጥር ላይ እየተጠላለፈ የሚያድግ እሾሃማ የዱር ተክል እንጂ እንደ ጎመን በመደብ የሚዘራ አትክልት ባለመሆኑ፣ በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ ተሰማርቶ በጁባ የሚኖር ኢትዮጵያዊ አስፓራገስን ከዘር ለማልማት ቢያስብ ከአገር ቤት ይዞት የሚመጣው ልምድ የአስፓራገስ ሳይሆን የሌሎች ቋሚ ተክሎች ልምድ ነው። ያም ልምድ ቢሆን የሚናቅ አይደለም።

በደጋውና በወይና ደጋው ጓሮ ጌሾ የሚያለማ ገበሬ ዘሩን በመደብ አፍልቶ፣ ችግኙን በበጋው ውሃ እያጠጣ አቆይቶ፣ ዝናቡ ሲጸና ወደ ቋሚ ቦታው ያዛውረዋል፤ ቅጠሉን የሚለቅመውም ተክሉ ከጠነከረ በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለ ጥቅም መጠበቅን እንደ ኪሳራ አይቆጥረውም። በጉራጌ ደግሞ እንሰት በአብዛኛው ከዘር ሳይሆን ከመሬት ሥር ካለው አሚቾ ተባዝቶ፣ ለምግብ ከመድረሱ በፊት ባሉት ዓመታት ከአንዱ መደብ ወደ ሌላው በተደጋጋሚ ይዛወራል። ይህ የማዛወር ልማድ ወደ ኋላ እንደሚታየው በኪራይ ግቢ ለሚኖር አትክልተኛ ሳይታሰብ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል።

የአገር ቤቱና የጁባው ልዩነት የሚጀምረው ከዘሩ መብቀል ነው። የአስፓራገስ ዘር ጥቁርና ጠንካራ ሽፋን ያለው ስለሆነ ለአንድ ቀን ያህል ለብ ባለ ውሃ ተዘፍዝፎ ሁለት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት ይዘራል፤ ከዚያ በኋላ የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት ነው። በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለመብቀል 53 ቀን ገደማ የሚፈጅበት ይኸው ዘር በ15 ዲግሪ በ24 ቀን፣ በ20 ዲግሪ በ15 ቀን፣ በ25 ዲግሪ ደግሞ በ10 ቀን ገደማ ብቅ ይላል፤ ሙቀቱ ከዚህ አልፎ 35 ዲግሪ ሲደርስ ግን እንደገና ዘግይቶ ወደ 20 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሚዘራ ሰው መደቡ ፀሐይ እንዲያገኝ ሲጣጣር፣ ከፍታዋ 550 ሜትር ገደማ በሆነችውና በየካቲትና በመጋቢት የቀን ሙቀቷ ከ35 ዲግሪ በሚያልፈው ጁባ የሚዘራው ደግሞ በተቃራኒው ዳስ ሠርቶ አፈሩን ማቀዝቀዝ ይኖርበታል። በአገር ቤት መደብን በሣር የመሸፈን ልማድ እዚህም ይሠራል፤ ቡቃያው እንደታየ ሣሩን ማንሳት ግን መረሳት የለበትም።

ከመብቀል የበለጠ የሚያሳስበው ዕረፍት ነው። አስፓራገስ በዓመቱ ውስጥ ዕድገቱን የሚገታበትና ላባ በመሰሉት ቅርንጫፎቹ ያዘጋጀውን ምግብ በሥሩ የሚያከማችበት ጊዜ ይፈልጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ለጋ ግንዶች ውፍረትም በዚህ ክምችት ይወሰናል። በጀርመን ይህን ዕረፍት የሚሰጠው ክረምቱ ነው፤ ገበሬዎቹም እንደ ልማድ መቁረጡን ሰኔ 24 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሚያቆሙት ተክሉ ከውርጩ በፊት ቅርንጫፍ ዘርግቶ ሥሩን እንዲሞላ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድና ዝናቡም ስለሚቆም ተክሉ ሙሉ በሙሉ ባይተኛ እንኳ ይቀዘቅዛል። ጁባ ግን እንዲህ ያለ ብርድ የላትም፤ በዚህም ምክንያት ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ቀጫጭን ግንድ እያወጣ ራሱን ያደክማል።

ሞቃት አገሮች ለዚህ ችግር ያበጇቸው መፍትሔዎች ሁለት ናቸው። በፔሩ በረሃማ የባሕር ዳርቻ ዝናብ ስለሌለ ገበሬው የመስኖውን ውሃ በመያዝ ተክሉን ያሳርፈዋል፣ መልሶ በመልቀቅም ይቀሰቅሰዋል። በታይዋንና በታይላንድ ደግሞ ከእያንዳንዱ ተክል ጥቂት ግንዶች «እናት» ሆነው ሳይቆረጡ ቅርንጫፍ እንዲዘረጉ ይተዋሉ፤ እነርሱ ሥሩን ሲመግቡ ከሥራቸው የሚወጡት ሌሎች ግንዶች ይለቀማሉ፣ እናቶቹ ሲያረጁም በአዲስ ይተካሉ። ይህኛው ዘዴ ምርቱን ወራት ለወራት ያዘልቃል፤ ይሁን እንጂ የማያቋርጥ ውሃና ፍግ ይጠይቃል። በጁባ መሀል በሚገኘው በቡሉክ ሁኔታ የፔሩው ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም በጁባ ብዙ ግቢ ውሃ የሚያገኘው ከነጭ ዓባይ እየቀዱ ከሚያከፋፍሉ ቦቴዎች በገንዘብ ሲሆን፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት ጠና ያለውን ተክል ከመድረቅ የሚያድን ጥቂት ውሃ ብቻ ሰጥቶ ማሳረፍ ለሥሩም ለኪስም ይጠቅማል። ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ለጋው ግንድ ይነሣል። በዝናቡ ወራት የሚያሰጋው ደግሞ ሥር የሚያበሰብሰው የቆመ ውሃ ስለሆነ፣ በደጋ ለጎመን የሚደረገውን ያህል ሳይሆን ከዚያ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ያስፈልጋል።

እስካሁን የተባለው ሁሉ መሬቱ የአትክልተኛው ነው ብሎ የሚነሣ ነው። በቡሉክ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን ገና በሦስተኛው ዓመት የሚለቀም ተክል ለማን እንደሚተክል ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ በሳምንታት የሚደርሱትን ኩድራና ጂርጂር የተባሉትን ቅጠሎችና ባሚያን መዝራት፣ ወይም ከኡጋንዳ በኒሙሌ መንገድ የሚገባውን አትክልት ከኮኞ ኮኞ ገበያ መግዛት ይቀለዋል። ሆኖም አስፓራገስ እንደ ማንጎ ከመሬቱ ጋር የሚቀር ተክል አይደለም። በችግኝ ሻጮች ዘንድ የሚሸጠው አብዛኛው የአስፓራገስ ችግኝ ራሱ ከዘር ተነሥቶ አንድ ዓመት ያደገ፣ ከአፈር ተነቅሎ የተላከ የሥር ራስ ነው፤ ስለዚህ ከዘር ያበቀለ ተከራይ ችግኙን የመጀመሪያውን ዓመት በባልዲ ወይም በተቀደደ ጀሪካን አሳድጎ፣ ቤት ቢለቅ በደረቁ ወቅት አፈሩን አራግፎ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ መሄድ ይችላል። እንሰትን እየነቀለ ያዛወረ ሰው ይህ አይከብደውም። ተክሉ ካረጀ በኋላ ግን ሥሩ ስለሚንሰራፋ ማዛወሩ ጉዳቱ ይበዛል።

ዘር ሲመረጥም አየሩን ማሰብ ይገባል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዳቀለው «ዩሲ 157» ለሞቃት አካባቢ ተስማሚ በመሆኑ በፔሩም በሰፊው የሚተከል ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትውልድ ድቅል ስለሆነ ከፍሬው የሚወሰደው ዘር ወላጁን አይመስልም፤ «ሜሪ ዋሽንግተን» የተባለው አሮጌ ዝርያ ግን ዘሩ ተለቅሞ መልሶ ይዘራል። ወንዴና ሴቴ ተክሎቹ የተለያዩ ናቸው፤ ቀይ ፍሬ የምታፈራው ሴቴዋ ጉልበቷን በፍሬው ላይ ስለምታጠፋ ወንዴው የበለጠ ምርት ይሰጣል። ፍሬው ራሱ የሚበላ ስላልሆነ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ቀድሞ መልቀም ያሻል።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ የሚደረገው ለቀማ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ብቻ ቢሆን ይመከራል፤ በጁባ ሙቀት ደግሞ የለጋው ግንድ ጫፍ ፈጥኖ ስለሚፈታና ስለሚጠነክር፣ በአገር ቤት ጎመን እንደሚቀነጠሰው ለወጥ ሲፈለግ ሳይሆን በየማለዳው፣ አንዳንዴም ማምሻውን ጭምር መቁረጥ ግድ ይሆናል።